ሪፖርቱን ያዘገየው ሰንጢ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ይህን ሰዓት ስትሰጠኝ ርዕሱን «የሒሳብ አያያዝ» ብላ ነበር የመዘገበችው። እኔም እሺ ብዬ ነበር። ባለፈው ወር ግን ደጋፊዎቻችን የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሦስት ሳምንት ለምን እንደዘገየ ጠየቁን፤ እኛም «በሒሳብ ሠራተኛዋ ሕመም ምክንያት» ብለን አንድ መስመር ጻፍን። መልሱ ውሸት የለበትም፤ ግን ጎደሎ ነው። እኔ ደግሞ ጎደሎ መዝገብ እንቅልፍ ይነሳኛል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሰንጢ ነው የማወራችሁ። ሒሳቡም እዚያው ውስጥ ይመጣል።

ይህን ጣት እዩልኝ። የቀኝ እጄ ጠቋሚ ነው። እስከዚህ ድረስ ይታጠፋል፤ ከዚህ አያልፍም። እስክሪብቶ ይይዛል፣ እንጀራ ይቆርሳል፣ የካልኩሌተር ቁልፍ ሲጫን ግን ከጎረቤቶቹ ኋላ ይደርሳል። እንዲህ ያደረገው ይህ በእጄ የያዝኩት ሰንጢ ነው። ማለቴ፣ እኔ ነኝ በሰንጢው ያደረግሁት።

ሰንጢው የአባቴ ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ብርቱካን የሚልጥበት፣ ገመድ የሚቆርጥበት፣ ዳቦ የሚያካፍለን በዚህ ነበር። ቆርኪም ይከፍትበታል፤ ጎማ ውስጥ የገባ ጠጠርም ይፈነቅልበታል። ለእኔ ሲሰጠኝ ስለቱ በእጀታው ውስጥ ትንሽ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። «ምን ሆኖ ነው?» ብዬ ስጠይቀው «አርጅቶ ነው» አለኝ። እኔም አመንኩት። ቢሮ ወስጄ የወረቀት ሽቦ ነቀልኩበት፣ የቀለም ቆርቆሮ ክዳን አነሳሁበት፣ አንድ ጊዜም የተጣበቀ የጠረጴዛ መሳቢያ ከፈትኩበት። ሁሉንም ሠራልኝ። በየጊዜው የሚወዛወዘው ነገር ትንሽ ትንሽ ሲጨምር ልብ አላልኩም።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜ ልምጣ፤ ከመካከላችሁ 21 የምትሆኑት እዚያው ነበራችሁ። አንዲት እህታችን ልጇ ታማባት ከማኅበራዊ ፈንዱ 6,000 ብር እንድናበድራት ጠየቀች። ጥያቄዋ ትክክል ነበር፤ ፈንዱም የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ገንዘብ ሳጥናችን እንደምታውቁት ሦስት ጓጉንቸር አለው፤ ሦስት ቁልፍ ያዦችም አሉን። ሁለቱ ነበሩ፤ ሁለቱ ጓጉንቸር ተከፈተ። ሦስተኛዋ ለቅሶ ወደ ገጠር ሄዳለች፤ ስልኳም አይሠራም። መተዳደሪያ ደንባችን ሳጥኑ ሦስቱ ቁልፍ ያዦች በሌሉበት አይከፈትም ይላል። ያንን አንቀጽ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።

ከኋላ አንድ ድምፅ «እስቲ በሰንጢ ሞክሪው» አለ። ማን እንዳለች አልነግራችሁም፤ እሷም አትስቂ! በእውነቱ እሷ ባትለውም እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሦስተኛው ጓጉንቸር የተንጠለጠለበትን ስስ ብረት ከሳጥኑ ለማላቀቅ የሰንጢውን ጫፍ ከሥር ሰካሁና እጀታውን ወደ ታች ተጫንኩ። አልነቃነቅ አለ። ጠመዘዝኩት። እንደገና ተጫንኩ። ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የሰንጢው ጫፍ ተሰብሮ ሄደ። የያዘው ነገር ስለጠፋ ስለቱ ተንሸራቶ ወጣ፤ ከእነ ኃይሉም ወደ እጀታው ታጠፈ። እጀታውን ጨብጠው የነበሩት ጣቶቼ መሐል ላይ ነበሩ።

ሳጥኑ አልተከፈተም። ይህን ለደጋፊዎቻችን አጥብቄ እናገራለሁ፤ ሦስተኛው ቁልፍ ያዥ ስትመለስ ሦስቱም ባሉበት ተከፍቶ ተቆጠረ፣ ከመዝገቡ ጋር ሳንቲም ሳይጎድል ገጠመ፣ በቃለ ጉባኤም ሰፈረ። የተጣመመው ብረት ግን ዛሬም ምልክቱ አለ።

የ6,000 ብሩስ ምን ሆነ? እኔ እጄን በነጠላ ጠቅልዬ ስቀመጥ አንዲት እናታችን ከመቀነቷ 500 ብር ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሌላዋ ጨመረች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ 6,000 ብሩ ሞላ፤ ሰኞ ዕለት ከፈንዱ ወጥቶ ለየባለቤቱ ተመለሰ። ሳጥኑን መፈንቀል ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን «መፈንቅለ ሳጥን» ብላችሁ ስም እንዳወጣችሁለት ሰምቻለሁ። ይገባኛል፤ ያውም ያልተሳካ።

ወጪውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ 850 ብር፤ ኋላ ለቀዶ ሕክምና 17,400 ብር፤ ለፊዚዮቴራፒ ምልልስ 1,120 ብር ትራንስፖርት፤ የሳጥኑን ብረት ለማስበየድና ጓጉንቸር ለመቀየር 600 ብር። ድምሩ 19,970 ብር ነው። ልናወጣ የፈለግነው 6,000 ብር ነበር። ከ600 ብሩ በቀር ሁሉንም የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ የማኅበሩን ገንዘብ አልነካሁም። ሦስት ሳምንት በግራ እጄ ስጽፍ ቁጥሮቼ የዶሮ ጭረት መስለው ነበር፤ ሪፖርቱ የዘገየው በዚህ ነው።

እኛ የሒሳብ ሰዎች «የእርጅና ቅናሽ» የምንለው ነገር አለ። አንድ ማሽን ስትገዙ በገዛችሁበት ቀን ዋጋው ሁሉ ወጪ አይሆንም፤ በየዓመቱ ሲያገለግል ጥቂት ጥቂት ይቀነሳል። ያልመዘገበ ሰው ማሽኑ በነጻ የሚሠራለት ይመስለዋል፤ አንድ ቀን ግን በድንገት ይቆማል። በሰንጢ መፈንቀልም እንዲሁ ነው። የቀለም ቆርቆሮው ሲከፈት «በነጻ ተከፈተ» አልኩ። መሳቢያው ሲከፈትም እንደዚያው። ወጪው ግን በየጊዜው አንድ ቦታ ይመዘገብ ነበር፤ ስለቱ የሚዞርባት ያቺ ትንሽ ሚስማር ላይ። አባቴ «አርጅቶ ነው» ያለኝ እርጅና አልነበረም። የቆርኪና የጠጠር ሒሳብ ነበር፤ እኔ ከእነ ዕዳው ወረስኩት።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለማሳየት ይህን የልጄን ማስመሪያ ይዤ መጥቻለሁ። ጫፉን ጠረጴዛው ላይ ይዤ በጠባብ ጎኑ አቁሜ ልጫነው። አያችሁ? ይሸከማል። አሁን በሰፊው ጎኑ አስተኝቼ ልጫነው። ወዲያው ጎበጠ። ፕላስቲኩ ያው ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ተለወጠ። ሰንጢም ሲቆርጥ ኃይሉን የሚቀበለው ከስለቱ እስከ ደንደሱ ባለው ስፋቱ ነው፤ በዚያ በኩል ጠንካራ ነው። ሲፈነቅል ግን ኃይሉ የሚመጣው በጎኑ ነው፤ በጎኑ ያለው ደግሞ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ብቻ ነው፤ ወደ ጫፉና ወደ ስለቱ ሲሄድ እሱም ይሳሳል። ስፋታቸው እኩል የሆነ ሁለት ብረት ብትወስዱ፣ አንዱ 2 ሚሊ ሜትር ሌላው 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ወፍራሙ ሳይጣመም የሚችለው ጫና ሦስት እጥፍ ሳይሆን ዘጠኝ እጥፍ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ቀጠን ይላል እንጂ ያው ብረት ነው» አይባልም።

ጫናውም እጃችን የሚሰማውን ያህል አይደለም። እጀታው 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ የተሰካው ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ እኔ በ10 ኪሎ ስጫን ጫፉ ላይ የሚያርፈው 100 ኪሎ ነው። ጤፍ በኩንታል የምትገዙ እህቶቼ 100 ኪሎ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ያንን የጤፍ ጆንያ የጥፍር ስፋት ባለው ስስ ብረት ላይ እያቆምኩት ነበር።

ሌላው የብረቱ ጠባይ ነው። ስለት የሚሠራ ሰው ብረቱን አግሎ በድንገት ያቀዘቅዘዋል፤ ብረቱ ይጠነክራል፣ ሲሳል ስለት ይይዛል። ግን ሲጠነክር መታጠፍን ይረሳል። እኛ በምጣድ እናውቀዋለን፤ ምጣድ ጠንካራ ነው፣ እሳት ይችላል፣ ትንሽ ካጋጩት ግን ይሰነጠቃል እንጂ አይጎብጥም። ለመፈንቀል የሚሠራ ብረት ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ወፍራም ይሆናል፣ ጥንካሬውም ትንሽ ለዘብ ይደረጋል፣ ከመሰበሩ በፊት ጎብጦ «ተው» ይላችኋል። ሰንጢ ብዙውን ጊዜ ምንም ሳይላችሁ ነው የሚሰበረው። ርካሹ ሰንጢ በሌላ መንገድ ይጎዳል፤ ብረቱ ስላልጠነከረ አይሰበርም፣ ተጣምሞ ይቀራል፣ ከዚያ እጀታው ውስጥ በትክክል አይገባም፤ ቦርሳ ውስጥ ጫፉን አውጥቶ ይጠብቃችኋል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ተጣጣፊ መሆኑ ነው። የእኔን የመሰለ ሰንጢ መቆለፊያ የለውም፤ ስለቱን ከፍቶ የሚይዘው ከጀርባው ያለች ሞላ ብቻ ናት። ስትቆርጡበት ኃይሉ ስለቱን ወደ መክፈት ይገፋል፣ ምንም አይሆንም። ስትፈነቅሉበት ግን ኃይሉ ወዴት እንደሚዞር አታውቁም። መቆለፊያ ያላቸውም አሉ። የፈረንሳዩ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ የሚዞር የመቆለፊያ ቀለበት የተጨመረለት በ1955 ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ቀለበቱ ስለቱ እንዳይታጠፍ ይይዛል እንጂ እንዳይሰበር አያደርግም።

«እንግዲያው ያ ብዙ ነገር ያለበት የስዊዝ ሰንጢስ?» ብላ አንዷ ጠይቃኛለች። ስለሱ ሳነብ ያገኘሁት ነገር ደስ ብሎኛል። እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ ለስዊዝ ወታደሮች የታደለው የመጀመሪያው ሰንጢ አራት ነገር ነበረው፤ ስለት፣ መብሻ፣ የቆርቆሮ መክፈቻና ካቻቢቴ። ካቻቢቴው የገባው ወታደሩ አዲሱን ጠመንጃውን እንዲፈታበት፣ መክፈቻውም የታሸገ ምግብ እንዲከፍትበት ነው። ወታደር እንኳ በስለቱ ሁሉንም እንዲሠራ አልተተወም፤ ለየሥራው የተለየ ብረት ተሰጠው። እንዲህ ያለ ሰንጢ ያላችሁ ቆርኪውን በመክፈቻው ክፈቱ፤ ስለቱን ለሽንኩርት ተዉት።

አሁን የምትሉትን አውቃለሁ። ቲማቲም የምትነግደው እህታችን «ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የእንጨት ሳጥን በምን ልክፈት? ዕቃ ቤት የለኝ!» ብላኛለች። እውነቷን ነው። እናቶቻችንም በቢላዋ ስንቱን ሲከፍቱ ነው የኖሩት። እኔም ሰንጢ ጣሉ አላልኩም፤ ካርቶን የታሸገበትን ፕላስተር መቁረጥ፣ የጆንያ ስፌት መፍታት፣ ገመድ መበጠስ የሰንጢ ሥራ ነው። ሥራው ከመቁረጥ ወደ መጠምዘዝ መቼ እንደተለወጠ የሚነግራችሁ አንጓችሁ ነው። እጃችሁ ወደፊትና ወደኋላ መሄዱን ትቶ መዞር ወይም ወደ ታች መጫን ሲጀምር ሰንጢውን አስቀምጡት። ያኔ መቁረጥ ቀርቷል፤ እየፈነቀላችሁ ነው።

ለቲማቲም ሳጥን መዶሻ ያስፈልጋል፤ ጀርባው እንደ ጥፍር የተሰነጠቀው፣ ሚስማር የሚነቅለው። ለቀለምና ለዱቄት ወተት ቆርቆሮ የወፍራም ማንኪያ እጀታ ይበቃል፤ ክዳኑን በአንድ ቦታ ከመታገል ዙሪያውን ጥቂት ጥቂት እያነሱ መዞር ነው ዘዴው። ለቀረው ሁሉ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ። ልክ ነው፣ ካቻቢቴም የተሠራው ለብሎን ነው እንጂ ለመፈንቀል አይደለም፤ ጫፉ ሊሰበርና ዓይን ሊመታ ይችላል፤ ፊታችሁን ዘወር አድርጉ። ቢሆንም ወፍራም ነው፣ አይታጠፍም፣ ስለትም የለውም። ቢያመልጣችሁ ያማችሁ ይሆናል፤ ጅማት ግን በቀላሉ አይቆርጥም።

ጅማት ካልኩ ዘንድ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከንግግሬ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ብትይዙ ደስ ይለኛል። እጄ ሲቆረጥ ደሙ በሃያ ደቂቃ ቆመልኝ። ክሊኒኩ ቆዳውን ሰፍቶ ላከኝ። ጣቴን አጥፊ ያለኝ አልነበረም፤ እኔም አልሞከርኩም፣ ያመኛል ብዬ። ፋሻው ሲፈታ የጠቋሚ ጣቴ ጫፍ አይታጠፍም። ጣትን የሚያጥፈው ጅማት በመዳፍ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ሰንጢ ሲታጠፍ የሚቆርጠውም በዚያው በኩል ነው። የተቆረጠ ጅማት እንደ ተበጠሰ ላስቲክ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በቆየ ቁጥር መልሶ መስፋቱ ይከብዳል። ስለዚህ እጃችሁ በስለት ቢቆረጥ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑት፣ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት፣ ወደ ሕክምና ሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሐኪሙ ፊት እያንዳንዱን ጣት ለየብቻው ለማጠፍ ሞክሩ፤ ጫፉ ሲነካ ይሰማችሁ እንደሆነም ተናገሩ። ካልታጠፈ ወይም ከደነዘዘ «ይሰፋና ይድናል» የሚለውን አትቀበሉ፤ የእጅ ቀዶ ሕክምና ወደሚሠራበት እንዲልኳችሁ ጠይቁ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም አትርሱ። በልብስ ስፌት፣ በሹሩባ፣ በእንጀራ የምትኖሩ እህቶች ናችሁ፤ ጣታችሁ የሥራ መነሻ ካፒታላችሁ ነው። በየትኛውም የሀብት መዝገባችን ላይ አልሰፈረም እንጂ።

ወደ ሳጥኑ ልመለስ። ሥራ አስፈጻሚው ተሰብስቦ የሦስቱም ጓጉንቸሮች ትርፍ ቁልፍ ለየብቻው በፖስታ ታሽጎ፣ እሽጉ ላይ አምስት ሰው ፈርሞበት፣ ከቁልፍ ያዦቹ ውጭ በሆነች አባል ዘንድ እንዲቀመጥ ወስኗል። ፖስታው የሚከፈተው ቢያንስ ሰባት አባላት ባሉበት ሲሆን ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ደንቡን ያረቀቅሁ ጊዜ «ቁልፍ ያዧ ባትኖርስ?» ብዬ አለመጠየቄ የራሴ ጥፋት ነው። እኔ ያሰብኩት ሌባን ነበር። ለቅሶ አላሰብኩም። ለቅሶ በሌለበት አገር የምንኖር ይመስል!

በመጨረሻም የግዢ ሪፖርት አለኝ። ባለፈው ሳምንት ከሁለት አባላት ጋር መርካቶ ምን አለሽ ተራ ሄደን ነበር። እዚያ ያሉትን ቀጥቃጮች ሥራ ቆማችሁ ብታዩ ቀኑ ይመሽባችኋል። አንዱ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የክንድ ግማሽ የምታክል የመፈንቀያ ብረት ሠራልን፤ አንድ ጫፏ ጠፍጣፋ ነው፣ ሌላው ጎበጥ ብሎ ለሚስማር ተሰንጥቋል። ሰንጢዬን አሳየሁት። ጫፉን አየ፣ ሚስማሩን ወዘወዘ፣ ከዚያ እጄን አየና «እናንተ ቢሮ ውስጥ ምንድነው የምትሠሩት?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት!

ብረቷ፣ አንድ ባለ ጥፍር መዶሻና ሁለት ካቻቢቴ ከሳጥኑ አጠገብ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። ማንኛዋም አባል ፈርማ ትወስዳለች፣ በሦስት ቀን ትመልሳለች። የቲማቲሟ እህታችን ከነገ ሌሊት ጀምሮ ስሟ መጀመሪያ ላይ ነው። ደረሰኞቹ በፋይል ውስጥ አሉ፤ ደጋፊዎቻችን ማየት ከፈለጋችሁ ከስብሰባው በኋላ አሳያችኋለሁ።

ሰንጢውን አሁን በረድፍ አሳልፋችሁ እዩት። ዘግቼ ነው የምሰጣችሁ። ስለቱን ስትከፍቱ ሚስማሩ ላይ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ታያላችሁ፤ ደንደሱን በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱት፣ ለልጆችም አትስጡ። ሲዞር ሲዞር ወደኔ ይመለስ፤ የአባቴ ነው፣ ብርቱካን እልጥበታለሁ። እስከዚያው ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።